የማሩ ወንበር

ዲስኩን የሰጠችኝ ኦሪት ናት፣ የጋሼ ሙላት ልጅ። እስራኤል አገር፣ አፉላ ከተማ አውቶቡስ ጣቢያ ውስጥ፣ ወታደሮች ቦርሳቸውን ተንተርሰው ከሚያንቀላፉበት አግዳሚ አጠገብ ቆመን፣ ከፌስታል አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። «አባዬ ከማረፉ በፊት ለዳዊት ስጪው ብሎኝ ነበር» አለችኝ። ጥቁር፣ ጥግ ጥጉ የተፋቀ፣ ከመዳፌ የማይሰፋ ነገር ነው። ላዩ ላይ በተለጠፈ ነጭ ፕላስተር «ማትናስ» ተብሎ በእስክሪብቶ ተጽፏል። አውቶቡሷ ደርሶ ስለነበር ብዙ አላወራንም። ጽሕፈቱን እንዳየሁ ግን የተቆላ የሱፍ ፍሬ ሽታ አፍንጫዬ ላይ መጣ።

ልጅ ሳለሁ ማትናስ የምንለው የሰፈራችን መሰብሰቢያ አዳራሽ ያንን ሽታ ይሸት ነበር። ከበሩ ፊት ለፊት አንድ ሽማግሌ የሱፍ ፍሬ ቆልተው በወረቀት ጠቅልለው ይሸጣሉ፤ የአዳራሹ ደረጃ ሁልጊዜ በገለባው የተሸፈነ ነው። በጋ ላይ ደግሞ እኛ ልጆች ሚሽሚሽ የሚባለውን ኮክ መሳይ ፍሬ በልተን፣ በውስጡ ያለውን ጠንካራ ፍሬ አጥበን፣ አድርቀን፣ ደረጃው ሥር ቆፍረን በሠራናት ጉድጓድ ውስጥ እየወረወርን እንጫወታለን። የእናቴ ሽታ ግን ሌላ ነው። ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ካለ የፕላስቲክ ፋብሪካ ውላ ስትመጣ ልብሷ የጋለ ፕላስቲክ ይሸታል። ጎረቤት ሁሉ ይህን ሽታ አይወደውም ነበር። እኔ እወደው ነበር፤ እማ ገባች ማለት ነውና።

አባቴ ጎንደር ሳለን ስለሞተ እዚህ የመጣነው ሁለታችን ብቻ ነን። የእናቴ የመጀመሪያ ልጅ ማሩ እዚያው ቀረ። ማሩ የሌላ አባት ልጅ ነው፤ ዕድሜውም ሞልቷል፤ የመግቢያ ፋይሉ ለብቻው ነው የሚታየው ተባለ። «ለብቻው» የሚለው ቃል ምን ያህል ርዝመት እንዳለው ያን ጊዜ ማንም አልነገረንም። አያ ማሩ የብስክሌት ጎማ እየለጠፈ ነበር የሚተዳደረው። ጣቶቹ ሁልጊዜ የጎማ ማጣበቂያ ይሸታሉ። ከጎንደር ስንነሣ አውቶቡሱ መስኮት ድረስ መጥቶ በዚያ ጣቱ አፍንጫዬን ያዝ አደረገኝና «አንተ ልጅ፣ ቦታ ያዝልኝ» አለኝ። እኔም አጠገቤ ያለውን ቦታ በጃኬቴ ሸፍኜ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ሰው አላስቀመጥኩበትም። አንዲት ሴትዮ ሕፃን ታቅፈው ቆመው ሳሉ እንኳ እምቢ ብዬ እናቴ ቆንጥጣኛለች።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ማሩ ታመመ። በሽታው የልብ ነው። ደረጃ ሲወጣ እንደሚያርፍ፣ ሌሊት ተቀምጦ እንደሚተኛ በስልክ ሰማን። ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል፣ እሱም ጎንደር አይሠራም አለ። እናቴ በፋብሪካው ተጨማሪ ሰዓት መግባት ጀመረች። ያም ገንዘብ እንደማይበቃ ለማወቅ ብዙ ጊዜ አልፈጀባትም።

ያኔ ነው ጋሼ ሙላት ሐሳቡን ያመጣው። ጋሼ ሙላት ቀን የከተማ አውቶቡስ ይነዳል፤ ሰርግና ባር ሚጽቫ፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ በዓል፣ ሲኖር ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይመጣል። በሰፈራችን እሱ ያስለመደው አንድ ነገር ነበር። ጎንደር ሰው የቀረበት ቤተሰብ ፎቶ ሲነሣ መሀል ላይ ባዶ ወንበር ያስቀምጣል። ጎንደር ያለው ሰው ደግሞ እዚያው ፎቶ ቤት ሄዶ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይነሣና ፎቶውን ይልካል። ጋሼ ሙላት ሁለቱን በኮምፒውተር ገጥሞ አንድ ቤተሰብ ያደርጋቸዋል። ትእዛዙ ጥብቅ ነው፤ ብርሃኑ ከግራ ይምጣ፣ ፊት ትንሽ ወደ ቀኝ ይዙር፣ እጅ ጭን ላይ ይሁን። ጥላው በትክክል ካልወደቀ ሥራውን አይቀበልም፤ ድጋሚ ተነሥቶ ይላክ ይላል። በየሳሎኑ እንዲህ ዓይነት ፎቶ ተሰቅሎ ነበር። ተነካክተው የማያውቁ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይታያሉ።

የእኛ የቤተ እስራኤሎች የስግድ በዓል ደርሶ ሰው ሁሉ አዲስ ነጭ ልብስ በገዛበት ሰሞን፣ ጋሼ ሙላት አንድ ዓርብ ቀን ማትናስ ውስጥ መጋረጃ ሰቅሎ ቤተሰብ ሁሉ እንዲያነሣ፣ ገቢውም ለማሩ ሕክምና እንዲሆን ሰፈሩ ተስማማ። ዋጋ አልተቆረጠም። የወይን ካርቶን ላይ የማሩን ፎቶ ለጥፈው በሩ አጠገብ አስቀመጡት፤ ሁሉም እንደ እጁ ይከታል። እናቴ ለእኔ ከሹክ፣ ከገበያው፣ ነጭ ሸሚዝ ገዛችልኝ፤ ወንድምህ እስኪመጣ እንዳያጥርህ ብላ እጅጌው ጣቴን የሚሸፍን አመጣች። ወንበሩን ደግሞ የአዳራሹን ፕላስቲክ ወንበር እምቢ ብላ ከማብሰያ ቤታችን የእንጨቱን ይዛ መጣች። «ልጄ በገዛ ቤቱ ወንበር ይቀመጥ» አለች። ተራችን እስኪደርስ ወንበሩን የመጠበቅ ኃላፊነት የእኔ ሆነ። ቦታ መያዝ እችልበት ነበር።

ያ ቀን የልጅነቴ ትልቁ ደስታ ነበር ብል አላጋንንም። አዳራሹ አዲስ ጥጥ ልብስና የጸጉር ቅባት ሸተተ። ጋሼ ሙላት ሰማያዊውን መጋረጃ ዘርግቶ እንደ ገበያ ሰው ይጮኻል።

«አያ ፈንቴ፣ ይኼ የሚሽታራ ፎቶ አይደለም! ማንም ፖሊስ አያስርህም፣ ፈታ በል እንጂ!»

«ከሳቅሁማ ልጆቼ መልኬ ይጠፋባቸዋል፣ የማን አባት ነው ይላሉ!» ይላሉ አያ ፈንቴ፣ ቆፍጠን እንዳሉ።

የእናቴ ጓደኛ እትዬ ብርቄ ነጠላዋን እያስተካከለች ገባች። ከእናቴ ጋር አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ማሽን ላይ ነው የሚሠሩት፤ እሷ ስትስቅ ሕንፃው ሁሉ ይሰማል።

«ሙላቴ፣ ቀጠን አድርገህ አውጣኝ አደራ!»

«እትዬ ብርቄ፣ ይኼ ካሜራ ነው፣ ጾም አይደለም!»

ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ የሚገባውን ሁሉ ትስማለች፤ እያንዳንዱ «እግዜር ይማርልሽ፣ ለዓይኑ ያብቃሽ» ይላታል። ልጆቹ በእኔ ተሳለቁ። ወንበሩን ከብቤ ስለማልነቃነቅ «ሾሜር! ሾሜር!» እያሉ፣ ዘበኛው እንደማለት፣ እየሮጡ መጥተው ሊቀመጡበት ይሞክራሉ፤ እገፋቸዋለሁ።

«ለማን ነው?» አለኝ አንዱ።

«ለወንድሜ።»

«የታለ?»

«ይመጣል።»

አንድ ጊዜ አዳራሹ ዝም ያለ መሰለኝ። መብራት የጠፋ መስሎኝ ቀና አልኩ፤ አልጠፋም። የሰፈራችን ቄስ አባ ንጉሤ በሩ አጠገብ ተቀምጠው ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ከዚያ ጫጫታው ተመለሰ፤ ሰልፉም እንዲያውም ረዘመ። አባ ንጉሤ በምልክት ጠሩኝና እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። ልማዳቸው ነው፤ ልጅ ሁሉ ይባርካሉ። ያን ቀን ግን እጃቸውን ቶሎ አላነሡም፤ ወንበሩ ሊወሰድብኝ ነው ብዬ ተቁነጠነጥኩ።

ተራችን ደረሰ። ወንበሩን መሀል አድርገን እማ በቀኝ፣ እኔ በግራ ቆምን። እጄን የወንበሩ መደገፊያ ላይ፣ የማሩ ትከሻ ይሆናል ብዬ በገመትኩበት ላይ አሳረፍኩ። ጋሼ ሙላት ግን አልጮኸም።

«ጋሼ፣ ለእኛ አትቀልድም እንዴ?» አልኩት።

«ቀልዱ አልቆብኝ ነው፣ የኔ ልጅ።»

አንድ ጊዜ ብቻ አነሣንና ካሜራውን ዝቅ አደረገ። ለሌላው ሁሉ ደጋግሞ ነበር የሚያነሣው። እናቴ «በቃ?» አለችው። «ይበቃል። ጥሩ ወጥቷል» አላት፤ እንዲህ ብሎ መጋረጃውን ማጠፍ ጀመረ፣ ከኋላችን ገና ሰው እያለ።

በዚያው ማታ፣ ሰንበት ሲገባ፣ ቤታችን ሰው በሰው ሆነ። ዳቦ የያዘ፣ ወጥ የያዘ፣ ምንም ሳይዝ ገብቶ ጥግ የሚቀመጥ። እትዬ ብርቄ የቤቴ ቧንቧ ፈንድቶ ነው ብላ እኛ ዘንድ አደረች። ከእናቴ ጋር አንድ አልጋ ላይ ተኙ፤ ሲያወሩ እየሰማሁ እንቅልፍ ወሰደኝ። በማግስቱም ከእናቴ ጎን አልተለየችም። እናቴ ሳህን እያጠበች «ሰው እንዲህ ይወደኛል ብዬ አላውቅም ነበር» ስትል ሰምቻለሁ። ድምፅዋ እየዘፈነች ያለች ይመስል ነበር።

እሑድ ጎሕ ሳይቀድ፣ እናቴ ምሳዋን ቋጥራ ለፋብሪካው መኪና ልትወጣ ስትል ከደረጃው ብዙ የእግር ድምፅ ተሰማ። በዚያ ሰዓት፣ ዝም ብሎ፣ ተሰብስቦ የሚመጣ እግር ምን ይዞ እንደሚመጣ እኛ ዘንድ ሕፃንም ያውቃል። መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሳይነጋ፣ ሰውዬው ብቻውን ሳይሆን። እናቴ በሩን አልከፈተችም። ምሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች። የከፈተችው እትዬ ብርቄ ናት። አባ ንጉሤ ገብተው «ትናንት ማታ ነው የደረሰን፣ ልጄ» አሉ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጽፍም።

የተሰበሰበውን ገንዘብ እናቴ ለባለቤቶቹ ይመለስ አለች። የሚቀበል ጠፋ። ጎንደር ሆስፒታል ለተኛች አንዲት ልጅ ተላከ፤ ልጅቱ ትዳን አትዳን የነገረን የለም። የእኛን ፎቶ ጋሼ ሙላት አላመጣም፤ እኛም አልጠየቅንም። ማሩ ከጎንደር የላከው ፎቶ፣ ብርሃኑ ከግራ፣ ፊቱ ወደ ቀኝ፣ እጁ ጭኑ ላይ፣ ሁሉም እንደታዘዘው ሆኖ፣ እናቴ መሳቢያ ውስጥ ቀረ። የእንጨት ወንበሩ ወደ ማብሰያ ቤት ተመለሰ። ዛሬም አለ፤ የታጠበ ልብስ ይከመርበታል እንጂ ማንም አይቀመጥበትም።

እኔ ቀን መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ። ካሜራ ማንም አላስተማረኝም፤ ያገለገለ ገዝቼ፣ አበላሽቼ፣ ደግሜ እያነሣሁ ነው የለመድኩት። ስለዚህ ዲስኩን ስከፍት ያየሁት እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ሥራ ነበር፤ መጀመሪያ ብርሃኑን፣ ከዚያ ጥላውን፣ ከዚያ ጥራቱን። ፎቶዎቹ በተነሡበት ቅደም ተከተል ተደርድረዋል። አያ ፈንቴ ኮስተር ብለዋል፤ ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው ይስቃል። እትዬ ብርቄ አፏን ከፍታ ትስቃለች። የሚቀጥሉትም እንዲሁ ናቸው። ከዚያ በአንዱ ፎቶ ጥግ ላይ አባ ንጉሤ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገዋል። በሚቀጥለው ስልኩ ጭናቸው ላይ ነው፤ ሁለት ሰዎች ወደ እሳቸው ጎንበስ ብለዋል። ከዚያ በኋላ ባሉት ፎቶዎች ሁሉ፣ ፊት ለፊት ቆሞ የሚነሣው ማንም ይሁን ማን፣ ከኋላ ያለው ሰው ካሜራውን አያይም። አንድ አቅጣጫ ነው የሚያየው፤ እናቴ የቆመችበትን በር።

እትዬ ብርቄ በአንዱ ውስጥ ግድግዳውን ተደግፋለች። ነጠላዋን ዘቅዝቃዋለች፤ ጥለቱ አንገቷ ሥር ነው፣ ሐዘን የደረሰበት ሰው እንደሚለብሰው። እጇ ነው ያደረገው፤ እሷ የምታውቀው አይመስልም። በሚቀጥለው ፎቶ አንዲት ሴት በሁለት እጇ ይዛ እየገለበጠችላት ነው። በሦስተኛው ነጠላው ተስተካክሏል፤ ጥለቱ ወደ ታች ወርዷል፤ ፊቷ ግን አልተስተካከለም።

ከሁሉም የከበደኝ ካርቶኑ ነው። ሰልፉ ከስልኩ በኋላ ነው የረዘመው። ያወቀው ሰው ሁሉ፣ ማሩ እንደሌለ እያወቀ፣ ተሰልፎ፣ ልብሱን አስተካክሎ፣ ተነሥቶ፣ ሲወጣ የማሩ ፊት የተለጠፈበት ካርቶን ውስጥ ገንዘብ ይከታል። አያ ፈንቴ እንዲያውም ተመልሰው መጥተው ሲከቱ ይታያሉ። ለማን ነበር የሚከፍሉት? እስካሁን አልገባኝም።

የእኛ ፎቶ መጨረሻው ነው። በዲስኩ ላይ ካሉት ሁሉ የተበላሸው እሱ ብቻ ነው። የዚያን ዘመን ካሜራ መሀሉ ላይ ያገኘውን ነው አጥርቶ የሚይዘው። ስለዚህ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ከቆመ፣ ፎቶ አንሺው መጀመሪያ አንዱ ፊት ላይ አነጣጥሮ ጥራቱን ይይዝና ከዚያ ወደ መሀል ይመልሰዋል። ጋሼ ሙላት ይህን ተኝቶም ያውቀዋል። ያን ጊዜ ብቻ አላደረገውም። ካሜራው ማሩ ቢኖር ኖሮ ጭንቅላቱ በሚሆንበት ቦታ ላይ ሰው ፈለገ፤ አጣ፤ አልፎ መጋረጃውን ያዘ። የመጋረጃው እጥፋት አንድ በአንድ ይቆጠራል። እናቴና እኔ ጉም ነን። ጉም ሆነንም ፈገግታችን ያስታውቃል።

ለኦሪት ደወልኩላት። «ማሩ መሞቱን አውቆ ነው ያነሣችሁ። አባ ንጉሤ ናቸው፣ ሰንበት ሊገባ ሲል ለእናት መርዶ አይነገርም፣ እሑድ ይነገራታል፣ እስከዚያ ሥራችሁን ቀጥሉ ያሉት» አለችኝ። «አባዬ ከዚያ ወዲህ ባዶ ወንበር አላነሣም። አውቶቡሱን ብቻ ነበር የሚነዳ።»

ዛሬ ሰው ሲታመም የገንዘብ ማዋጫ ሊንክ ይላካል። እኔንም ይጠሩኛል፤ የታመመውን ልጅ በመስኮት ብርሃን፣ ጥርት አድርጌ አነሣለሁ፤ ፎቶው በየስልኩ ይበተናል። ሰው አውቶቡስ እየጠበቀ ሊንኩን ይጫናል፣ ገንዘቡ ይሄዳል፣ ሰጪውም መንገዱን ይሄዳል። ልጁ ሲሞትም መርዶው በዚያው ስልክ ይመጣል፤ ማንም ደረጃ አይወጣም፣ ማንም ቧንቧዬ ተበላሸ ብሎ አያድርም። በፊት በነበረው እንዳልናደድ ይህን አያለሁ። በአሁኑ እንዳልናደድ ደግሞ ያን አዳራሽ ሙሉ ሰው አስታውሳለሁ። ሁለቱም ማሩን አያተርፉትም።

ባለፈው ሰንበት ሲወጣ እናቴ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ስኳሩ ዓይኗን ከያዘው ወዲህ ብርሃንና ጥላ እንጂ ፊት አትለይም።

«ሙላት የተወልህ ነገር የማትናሱ ነው አሉ» አለችኝ። «እስቲ ንገረኝ። ያ ቀን… ሰው እንዴት እንደወደደን አስታውሳለሁ።»

አንድ በአንድ ነገርኳት።

«አያ ፈንቴ አሉ?»

«አሉ። ኮስተር ብለዋል።»

«መቼ ይስቅና!» ብላ ሳቀች። «አባ ንጉሤስ?»

«በሩ ጋ ተቀምጠዋል።»

«ብርቄስ? ብርቄ አለች?»

«አለች። እየሳቀች ነው።»

ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ፎቶ ግድግዳውን የተደገፈችበት ነበር። እናቴ ጣቷን በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ወዲያ ወዲህ አደረገች።

«ነጠላዋን እንዴት አድርጋ ነው የለበሰችው?» አለችኝ።

ከፎቶው ዓይኔን ሳላነሣ መለስኩላት።

«እንደ ሁልጊዜው ነው፣ እማ። ጥለቱ ወደ ታች ነው።»

ጣቷን ከጠረጴዛው ጠርዝ አነሣች። ከዚያ «ጥሩ» አለች። «እንዲያ ከሆነ ጥሩ።»

ከዚያ ሁሉ ነገር መርጣ ይህን ለምን እንደጠየቀችኝ አልጠየቅኋትም። ያኔ አዳራሽ ሙሉ ሰው ከእኛ ከሁለታችን ደበቀ። አሁን ከዚያ አዳራሽ ሰዎች ብዙዎቹ አርፈዋል፤ ብርቄም የለችም። ሁለታችን በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠን አንዳችን ካንዳችን እንደብቃለን።

«የኛስ?» አለች ልትነሣ ስትል፣ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ። «የኛስ ፎቶ? ሙላት ጥሩ ወጥቷል ብሎኝ ነበር።»

መጋረጃውን፣ ወንበሩን፣ ሁለቱን ጉሞች አየሁ።

«እውነቱን ነው፣ እማ» አልኳት። «ጥርት ብለን ወጥተናል።»